መኪና የሚያውቅ ሰው

እኛ አዲስ አበቤዎች ብቻችንን ዕቃ መግዛት አይሆንልንም። በግ ልንገዛ ስንሄድ በግ የሚያውቅ ሰው እንይዛለን፤ እሱም የበጉን ወገብ ጨበጥ፣ ላቱን ብድግ አድርጎ ከንፈሩን ነከስ ሲያደርግ ልባችን ያርፋል። ቅቤ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ሱፍ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው አለ፤ የራዲዮን ጀርባ ብቻ አይቶ ዕድሜዋን የሚናገር ሰው አለ። እናንተም ብትሆኑ በየሰፈራችሁ አንድ አታጡም። ምናልባትም ራሳችሁ ናችሁ። ከሆናችሁ አትቀየሙኝ፤ እኔም ነበርኩ።

ለዚህ ሹመት ፈተና የለም። የሚሾመው ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ አንዴ ከሾመ አይሽርም። እኔን የሾመኝ የቀበና ሰው በደርግ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የመኪና ፋይል በሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። መኪናን የማውቃት በታርጋ ቁጥሯ ነው፤ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ግን ሥራዬን ሲሰሙ ፋይሉን ጥለው መኪናውን ያዙ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ፣ መኪናዬ ጭስ በጭስ ሆነች ቢለኝ፣ ዝም ከምል ብዬ «ዘይቷን አሳይ» አልኩት። ለካስ ዘይቷ ኖሯል! ሹመቴ በዚያው ጸደቀ።

እንዲህ ተከብሬ ስኖር አንድ ቅዳሜ ጧት እትዬ ዘሐራ በራችንን አንኳኩ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ከድር የሰው ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል፤ ጊዜውን ጨርሶ ሊመለስ ነው። እናቱን እንቅልፍ የነሣቸው፣ መጥቶ ሥራ ፈት ከሆነ ተስፋ ቆርጦ በገዛ ፈቃዱ ወደ ጦሩ ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ የአንገታቸውን ወርቅ ሸጠው፣ ከሱቁ ያጠራቀሙትን ጨምረው፣ ታክሲ የምትሆን አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዝተው ሊጠብቁት ቆርጠዋል።

«ታዴ፣ እስቲ አብረኸኝ ሂድና እንያት» አሉኝ።

አላውቅም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። አፌንም ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ «ምን ችግር አለው እትዬ ዘሐራ፣ እሱ እኮ ሲመሽም ሲነጋም መኪና ላይ ነው» አለችልኝ። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

መሸጫው ከየካ ሚካኤል አለፍ ብሎ፣ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። አገር ለቀው የሚሄዱ ፈረንጆች የተዉዋቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ሻጩ አቶ በላቸው የቁልፍ እስር እያንቃጨሉ ወደ አንዲት ባለ ሁለት በር ቢጫ መኪና ወሰዱን። እትዬ ዘሐራ ገና ሲያዩዋት ወደዷት፤ ግን ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ጎማዋን በጫማዬ መታ መታ አደረግሁ። ጎማ መምታት ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ያልመታ ገዢ ግን አይቼ አላውቅም። ሞተሯን አስከፍቼ «እምምም» አልኩ። የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩ፤ ወደ ብርሃን ይዤ ዓይኔን አጠበብኩ፤ መልሼ ልክተታት ብል ቀዳዳው ጠፋኝ። ወዲህ ብል ወዲያ ብል የለም! አቶ በላቸው እጄን ይዘው መሩኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

አለማወቄን ቢረዱልኝ ኖሮ በተገላገልኩ። እሳቸው ግን ብልጠት መሰላቸው። ወደ አጥሩ ጥግ ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጓድ ኢንጂነር፣ ዝምታዎ ገብቶኛል። አንዳንዱ ይንጫጫል፤ እርስዎ የበሰሉ ሰው ነዎት። ብቻ እናታችን ይውሰዷት እንጂ፣ የእርስዎን ነገር ዋጋው ላይ አስገብቼዋለሁ።»

አይሆንም ለማለት ምን ይከብዳል? ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም ብል፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው ሊባል ነው፤ ዘይት መለኪያዋ ልትመሰክርብኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ የልጆቼ ጫማ በሐሳቤ ውልብ ብሎብኛል። «እናያለን» አልኩ።

«የእንጦጦን ዳገት ሳትወጣ አልገዛም» አሉ እትዬ ዘሐራ። «ታዴ፣ በል ንዳታ።»

«ባለቤቱ ይንዷት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ላዳምጣት» አልኩ። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንደሚመጣልኝ እኔም ይገርመኛል። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ከኋላ ታጥፌ ገባሁ፤ እትዬ ዘሐራ ከፊት ተቀመጡ፤ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ጀመርን። በየኩርባው ዞር እያሉ «ምን ይላል?» ይሉኛል። «እየሰማሁ ነው» እላለሁ። የምሰማው የገዛ ልቤን ድለቃ ነበር።

መኪናዋ ምንም ሳትል ወጣች። ከላይ ስንደርስ አቶ በላቸው አቁመው፣ ሲጋራ ሊያጨሱ ራቅ አሉ። ባለ ሁለት በር መኪና ከኋላ ለተቀመጠ ሰው መሸሻ የላትም።

«በል አሁን ንገረኝ» አሉ እትዬ ዘሐራ።

«እትዬ ዘሐራ፣ እኔ መኪና አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ። «የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይዤ ሌላ ቦታ ሄጄ ነበር። ሁለቱም ከሻጭ ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አይቼ ትቼ ተመለስኩ። የጎደላትንማ ከድር መጥቶ ያበጅላታል፤ እጁ የተፈታ ነው። አንተ ግን በቀበሌ ስብሰባ ስምህ ሲጠራ እንኳ ላብ የሚያጠምቅህ ሰው ነህ። የሚያፍር ሰው አይሸጠኝም ብዬ ነው ያመጣሁህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየተንተባተብኩ የአጥሩን ጥግ ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«መቼ ነው ይህን ያለህ?»

«ግቢው ውስጥ።»

«እና እዚህ ድረስ ይዘኸው ወጣህ?»

የዘይት መለኪያዋ ኀፍረት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። እትዬ ዘሐራ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱና አቶ በላቸውን ጠሩ።

«የዚህን ልጅ ድርሻ ከዋጋው ላይ ያንሡልኝ። እሱ አልፈልግም ብሏል።»

አቶ በላቸው እኔን አዩኝ፤ እኔ የፊቱን ወንበር ጀርባ አየሁ። ዋጋው ቀነሰ። ጓድነቴም ኢንጂነርነቴም እዚያው ዳገት ላይ ቀሩ።

እትዬ ዘሐራ መኪናዋን ገዝተው ሰፈር ሲገቡ፣ «መኪና ካወቁ እንደ ታዴ ነው፤ የሰጡትን እንኳ አልበላም ብሎ ያስቀነሰልኝ» እያሉ ለሁሉ ተናገሩ። ዝም ብዬ ስለወጣሁት ዳገት ግን ለሰው ትንፍሽ አላሉም። ለእኔም መልሰው አላነሡብኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከድር በሰላም ተመለሰ። መኪናዋን ሰማያዊና ነጭ አስቀብቶ ሥራ ጀመረ። ታዲያ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ፣ ጧት ጧት በራችን ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። «ጋሼ፣ እርስዎን ሳላደርስ ሥራ እንዳልጀምር እማዬ አስጠንቅቃኛለች!» ሒሳብ አይቀበልም፤ ከፊት ወንበር ካልሆነም አያስቀምጠኝም። ተሰልፈው ታክሲ የሚጠብቁት ጎረቤቶቼ በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል።

ሳምንቱን እንደ ምንም ቻልኩት። ከዚያ ወዲያ ጡሩምባው ሳይሰማ በጓሮ በር ሹልክ ብዬ፣ የቀበናን ወንዝ ተከትዬ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቢሮ ስገባ፣ ሰፈራችንን የሚያውቅ አንድ ባልደረባዬ፣ «ሰውዬ፣ ታክሲ በር ላይ እየቆመልህ ምን ሆነህ ነው በእግርህ የምትመጣው?» ይለኛል።

«ለጤናዬ ነው» እለዋለሁ።