ፊደል እጅ ሲነሣ

ሥልጣኔ ወደ ሰቆጣ የገባው በመኪና ነው የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። የገባው ጎንበስ ብሎ ነው።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገው የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም የነበሩት ክቡር ግራዝማች ደጅይጥኑ፣ ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን መጽሐፍ ሲገልጡ፣ ሌላው ሁሉ ቀጥ ባለ ፊደል ታትሞ፣ «ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ» የሚለው የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ቀጠን ብሎ ወደ ቀኝ በዘመመ ፊደል ታትሞ አገኙት። ሌላ ሰው ቢሆን የማተሚያ ቤት ጌጥ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ግራዝማች ግን አስተዋይ ናቸው። ፊደሉ ለታላላቆቹ እጅ እየነሣ መሆኑ ወዲያው ገባቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንቱ ማመልከቻ ፊታቸው ተገትሮ እንዳነጋገራቸው ሲያስቡም ምሳ አልበላ አላቸው።

በማግስቱ በገበያ መካከል ታወጀ፦ «ከእንግዲህ ወዲህ ለዚህ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማናቸውም ጽሑፍ፣ ለሥልጣን ተገቢውን አክብሮት ለመግለጽ ፊደሉ ዘመም ብሎ እንዲቀርብ፤ ቆሞ የመጣ ፊደል ግን እንደ ደፋር ተቆጥሮ እንዲመለስ።»

የዚህ ሥልጣኔ የመጀመሪያዋ ተቋዳሽ እማዋይሽ ሆነች። አንድ ልጇ ተስፋው፣ አህያው ለግራዝማች በቅሎ መንገድ አልለቅም በማለቱ ወህኒ ገብቷል። ዝናቡ ጥሏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያረሰ ነው፤ የእሷን ማሳ የሚያርስ ግን ከተስፋው በቀር ሰው የላትም። ማመልከቻዋን የጻፉላት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ዕድሜያቸውን በብራና ላይ ቁም ጽሕፈት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙ ራሱ ቁም ነውና ማመልከቻው ሳይነበብ ተመለሰ።

«መሪጌታ፣ እባክዎ ትንሽ ጎንበስ ያርጉልኝ» አለቻቸው።

«የእኔ ‹ሀ› ለጳጳስ እንኳ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።»

«ለጳጳስ አላልኩም። ለተስፋው ነው።»

መሪጌታ ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ እያማተቡ፣ አንገታቸውን አጋድመው ጻፉ። ፊደሉ ሁሉ ነፋስ እንደ ጣለው ጤፍ ወደ ቀኝ ተኛ። ግራዝማች እጅግ ከመደሰታቸው የተነሣ ምን እንደሚል እንኳ አላነበቡትም፤ ምን ፈልጋ እንደ መጣች እሷኑ ጠይቀው፣ ልጁ እንዲፈታ የሚያዝዝ ወረቀት በገዛ እጃቸው፣ በአዲሱ ደንብ መሠረት አሳምረው አዘምመው ጻፉላት።

የወህኒው ጠባቂ ምንዋጋው ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም አዋጁን በገበያ ሰምቷል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው።

«ይህ የሐሰት ነው» አላት።

«ማኅተሙን አታየውም፣ ወንድሜ?»

«ማኅተሙንስ አየሁት። ፊደሉ ግን እጅ ይነሣል። ለእኔ እጅ የሚነሣ ሹም ገና አልተፈጠረም፣ እናቴ።»

እማዋይሽ እያለቀሰች ተመለሰች። የሹም ቃል በጠባቂ መታጠፉን ሲሰሙ ግራዝማች በቅሏቸውን አስጭነው ራሳቸው ወረዱ። የወህኒው በር ዝቅ ያለ ነው። ምንዋጋው ከበሩ ወዲያ፣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ክቡርነታቸው ለመግባት ወገባቸው ድረስ አጎነበሱ።

ምንዋጋው ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይነሡ ጌታዬ። ይህን ያህልስ አይገባኝም» አለ። «አሁን አመንኩ።»

ተስፋውንም ፈታው። ልጁ በዚያው በር ጎንበስ ብሎ ወጣና ከእናቱ ጋር በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ። ምንዋጋው ሊሸኛቸው ተከትሎ ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ግራዝማችም ሊወጡ ሲሉ ለመውጣትም ማጎንበስ እንደሚያስፈልግ፣ ያውም ደጅ ለቆመው ለምንዋጋው እንደሚሆን አስተዋሉ። ክብራቸውን አላስነኩም።

የተስፋው ማሳ ታርሶ ሲያልቅ፣ ክቡርነታቸው ገና ከእስረኞቹ መካከል ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ነበሩ።