ዕድሜያችንን የቀነሱልን ሰው

በጀልባ ከአገሩ የተሰደደ ሕዝብ ሁሉ፣ ከጀልባው ላይ አንድ ቅጽ መሙላት የሚያውቅ ሰው አያጣም። ዋና የሚችል ላይኖር ይችላል፤ ሞተር የሚጠግን ላይኖር ይችላል፤ ቅጽ አዋቂው ግን ሁሌም አለ። የእኛው ሊቀ ቅጽ አጎት ስድስተኛ ይባላሉ። በደቡብ ቬትናም የበኩሩን ልጅ «ሁለተኛ» ስለምንለው፣ እሳቸው በእውነቱ ለቤታቸው አምስተኛ ናቸው። ቁጥራቸው የተዛባው ገና ሲወለዱ ነው።

ሳይጎን በኮሚኒስቶች እጅ በወደቀች በአምስተኛው ዓመት፣ ማሌዥያ ባለ የስደተኞች ደሴት ላይ ሊፈቱት የተነሡት ችግር ይህ ነበር፦ ሰው በስንት ዓመቱ ቢሰደድ ይሻለዋል? ወደ አሜሪካ የሚያሻግረው ቅጽ የልደት ዘመን ይጠይቃል። የአብዛኞቻችን የልደት ወረቀት ወይ ተቃጥሏል ወይ ባሕር በልቶታል። አጎት ስድስተኛ ደግሞ በሚ ቶ ከተማ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩና ነገሩን በዘዴ ያዙት።

ስሌቱን ላስረዳችሁ፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የአርባ አራት ዓመት ሰው አሜሪካ ውስጥ ማን ይቀጥረዋል? ስለዚህ ሠላሳ ሰባት ይሁን። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አራት ዓመት ትምህርት አምልጦታል። ስለዚህ ዐሥር ይሁንና ካቆመበት ይቀጥል። ልጅ ሲያንስ እናትም አብራ ማነስ አለባት። አንዱን ስትነካ ሌላው ስለሚናጋ፣ እሳቸው መላውን ቤተሰብ እንደ ሹራብ ተርትረው እንደገና ይሠሩት ነበር። የሚያመነታ ካለ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ዕድሜ ማለት የሚጻፈው ነው።»

አንዳንዴ ይስቱ ነበር። ሁለት እህትማማቾችን በአምስት ወር ልዩነት የተወለዱ አደረጓቸው። የአሜሪካው መርማሪ አጎት ስድስተኛን በአስተርጓሚ ሲጠይቃቸው፣ የእናትየው ዘር በሙሉ ችኩል መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱ። ሁለቱም አለፉ።

የዐሥር ዓመቱ ልጅ እኔ ነበርኩ። ካሊፎርኒያ ስደርስ ጢሜ እያቆጠቆጠ ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። መምህሬ የተለየ በሽታ ያለብኝ መስሏት ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ሐኪሙ ግን ለዐሥር ዓመት ልጅ ባለኝ ጥንካሬ ተደነቀ።

የሠላሳ ሰባቱ ሰው ደግሞ አባቴ ነበር። ሥራውን አገኘ፤ ይህን አልክድም። በስልሳ አምስት ዓመቱ ጡረታ ሊወጣ ሲል ግን ወረቀቱ ስልሳ እንኳ አልሞላም አለ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ላይ፣ በወረቀት ስልሳ፣ የፋብሪካው በር ላይ ወደቀና ሞተ። ከቀብሩ በኋላ አጎት ስድስተኛን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«ሰባት ዓመት ጨመሩበት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ የቀነስኩለት ነው የመሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አላናገርኳቸውም።

ያስታረቀን የሚስታቸው ሕመም ነው። አክስት ሉዋ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ሄደ፤ ቀጥሎ የቤታቸው መንገድ። ሁለት ጊዜ የመኪና ጎዳና መሃል ቆመው ተገኙ። በቋንቋችን የሚነጋገሩበት አንድ የአረጋውያን መዋያ አለ፤ የሚቀበለው ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ነው። አክስት ሉዋ ስልሳ ስድስት ናቸው። በወረቀት ግን ሃምሳ ዘጠኝ።

ወደ መዋያው መኪና የነዳሁት እኔ ነኝ። ኃላፊዋ የአገራችን ልጅ ነች፣ ደግ ሰው፤ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣ «እማማ፣ እርስዎ እራስዎ ይንገሩኝ፤ የተወለዱት በምን ዓመት ነው?» አለቻቸው። እውነተኛውን፣ የድመት ዓመትን፣ ቢጠሩላት ምናልባት ይበቃት ነበር። እኛ ዓመታትን በእንስሳ ስም ስለምንጠራ፣ የልደቱን እንስሳ የማያውቅ ቬትናማዊ የለም።

አክስት ሉዋ ቀና ብለው ተቀመጡ። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ባላቸው ደሴቱ ላይ ከመርማሪው በፊት የወረቀቱን ልደት ሌት ተቀን አስጠንተዋቸዋል።

«በውሻ ዓመት» አሉ፤ ቀኑንም ወሩንም ጨመሩ። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል፤ ያንን አልረሱም። ወዲያው ዞር ብለው ባላቸውን፣ «ልክ ነኝ?» አሏቸው።

«ልክ ነሽ ሉዋ» አሉ አጎት ስድስተኛ።

ኃላፊዋ ከትውልድ መንደራቸው የመዝገብ ቅጂ ከመጣ እንደምትቀበላቸው ነገረችን። ቅጂው የሚገኘው ደግሞ ለቀበሌው በማመልከት ነው። በዚያ አገር ማመልከቻ ሁሉ የሚጀምረው በመንግሥቱ ሙሉ ስምና በመፈክሩ ነው፦ ነጻነት፣ አርነት፣ ደስታ። አጎት ስድስተኛ ይህን ራስጌ ያውቁታል። ከሳይጎን ውድቀት በኋላ አዲሱ መንግሥት በ«ተሐድሶ» ካምፕ ሦስት ዓመት ሲያስራቸው፣ ኃጢአታቸውን የሚዘረዝር የሕይወት ታሪክ ደጋግመው ጽፈዋል፤ እያንዳንዱም በእነዚህ ሦስት ቃላት ይጀምር ነበር። ሲወጡ ዳግመኛ ላይጽፏቸው ማሉ።

እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልዎት ብያቸው ነበር። እንቢ አሉ። ራስጌውን እንዝለለው አልኳቸው።

«እኔ ጸሐፊው ብሆን፣ ራስጌ የሌለውን ሳላነብ ነው የምጥለው» አሉ።

ስለዚህ በየቅዳሜው ቤታቸው እሄዳለሁ። እሳቸው ሲጽፉ እኔ አክስት ሉዋን እጠብቃለሁ። አራቱን ሳይጨርሱ ጥለው፣ ዛሬ አምስተኛው ወረቀት ላይ ናቸው። ነጻነትን ጽፈዋል፤ አርነትንም ጽፈዋል። ሦስተኛው ቃል ላይ ብዕራቸው ቆሟል፤ እጃቸውን እያፍታቱ ነው።