እስኪለመን የሚጠብቅ ተሳፋሪ

የሚፈልገውን ነገር ሲሰጡት «ኧረ ግድ የለም» ብሎ፣ እስኪለመን የሚጠብቅ ሰው አያውቁም? እንግዲያውስ እኔን ይተዋወቁ። ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ስኖር ስንት ዘመኔ፤ ከሐበሻ በቀር ሰው ሁሉ አንዴ «አልፈልግም» ካሉት አምኖ እንደሚሄድ ግን ዛሬም አልገባኝም።

አምና ልጄ ሕይወት ከለንደን ዛንዚባር ወሰደችኝ። አንድ ጠዋት፣ ውለን ልንመለስ፣ ወደ ትንሽ ደሴት በጀልባ ተነሣን። ጀልባ ነጂው የቀረውን አንድ ላይፍ ጃኬት ዘረጋልኝ። ዋና አልችልም፤ አፌ ግን «ግድ የለም፣ ለሌላ ሰው ስጠው» አለ። «በሞቴ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ወፍራም ፈረንጅ አሳልፎ ሰጠው።

መሀል ባሕር ላይ ሞተሩ ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን ሲጥላት ውኃው ጉልበቴ ደረሰ።

«አባዬ፣ እኔን ያዘኝ» አለች ሕይወት።

ማንን ልስማ? ማንም ሳይጋብዘኝ ፈረንጁን ከነጃኬቱ አቅፌዋለሁ። እሱም ትንፋሽ እያጠረው አብሮኝ ይጸልያል።

ሞተሩ በስንት መከራ ተነሥቶ ደሴቲቱ ላይ ወረድን። ነጩን አሸዋ ረግጠን እንኳ እንዳቀፍኩት ነኝ።

«አባዬ፣ ደርሰናል እኮ፤ በናትህ ሰውየውን ልቀቀው» አለችኝ።

ለመልቀቅም ሦስቴ አስለመንኳት።