ሁለተኛዋ ድምፅ እስክትጸድቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጁ መሥሪያ ቤቱ መለያ ዜማ እንዲኖረው በወሰኑ ዕለት፣ እስካሁን ያለ ዜማ እንዴት ቆሞ እንደኖረ ሠራተኛውን ሁሉ አስገረመው። ኃላፊነቱም በአዳራሹ ማይክራፎን ስታበራና ስታጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ለቆየችው የድምፅ ባለሙያ ተሰጠ። ዘወትር በገመድ ተተብትባ ስለምትውል ሰው የሚያውቃት «ሽቦ» በሚል ስም ነው።

ሽቦ በደስታ ክንፍ ልታወጣ ደረሰች። በትርፍ ጊዜዋ ቁራጭ በቁራጭ የገጣጠመችውን ሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያወጣ ባለ ብዙ ሣጥን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ተሸክማ መጣች። አንደኛው ሣጥን «ሳምፕል ኤንድ ሆልድ» ይባላል፤ ምት ሰጪው በመታ ቁጥር ከሚዋዥቀው ኤሌክትሪክ ያገኘውን ድምፅ ቀለብ አድርጎ፣ ሌላ ምት እስኪመጣ ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው «ሺፍት ሬጅስተር» ደግሞ የተያዘውን ለአራት ድምፆች በየተራ ያቀብላል፤ ፊተኛው ያለውን ኋለኛው እየደገመ ሲከታተሉ ልብ የሚሰርቅ ዜማ ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ሁለተኛው ለምን የፊተኛውን ይደግማል?»

«ከሱ ስለሚቀበል ነው ጌታዬ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ከሁለተኛው።»

«ከራሱ የሚጨምረው የለም?»

«ምንም።»

«እንዲህ ነው እንጂ ሥነ ሥርዓት!» አሉና ድንገት ፊታቸው ጠቆረ። «የመጀመሪያውንስ ማነው የሚያዘው?»

«ማንም። የመጣለትን ይይዛል።»

«ሳይፈቀድለት?!»

በማግሥቱ ምት ሰጪው ተነቀለ። በቦታው ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ኮሚቴ ሲስማማ ብቻ የምትጫን ቀይ ቁልፍ ተተከለች። የመጀመሪያዋ ድምፅ በጭብጨባ ወጣች። ለሁለተኛዋ እጅ ሊወጣ ሲል አንድ አስተዋይ አባል ተነሣ።

«ቀጥሎ የምትመጣው ምን ዓይነት ናት?»

«አይታወቅም» አለች ሽቦ።

«ያላወቅነውን እንዴት እናጸድቃለን?»

ጉዳዩ ለጥናት ተመራ። ከላይ የሚወርድ ነገር ስላልነበረ ሦስቱ ድምፆች አፋቸውን ዘግተው ተጠባበቁ። የተያዘችው ብቸኛ ድምፅም የያዛት ሣጥን ሲደክመው ቀስ በቀስ ወደ ታች ታዘቀዝቅ ጀመር። ኮሚቴው በሪፖርቱ «ዜማው አበረታች እንቅስቃሴ እያሳየ ነው» ሲል አሰፈረ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። እንግዶች ብድግ ብለው ቆሙ። ያቺው ብቸኛ ድምፅ አዳራሹን ሞልታ አቃሰተች፤ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንባ አቀረሩ። ሽቦ ግን የዓመታት ልፋቷ በሰው ፊት ሲያጣጥር ማየት አንጀቷን አቃጠላት። «የፈለገው ይምጣ!» ብላ ገመዱን መንጭቃ ነቀለችው።

ጸጥ አለ። የሥራ መልቀቂያዋን በልቧ ማርቀቅ ስትጀምር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የክብር እንግዳው የሥራ አስኪያጁን እጅ ጨብጠው «መጨረሻው! እንዴት ያለ ረቂቅ ነው!» አሉ።

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ፣ የዜማው የመጨረሻ ክፍል ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲራዘም፣ የቀረው እንዲሰረዝ፣ ደራሲውም ክቡር ሥራ አስኪያጁ መሆናቸው እንዲመዘገብ ወሰነ። ዝምታው የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነው።