ወይዘሮ ናሙና እና አሥራ አንዱ ሕፃናት

ከባለሆዱ ይልቅ የሰው ሆድ የሚያስጨንቀው ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይታጣም። ለአንድ ልብስ ሰፊ ግን ፈጣሪ አብልጦ ሰጠው፤ የታላቅ እህቱ እንጀራ ራሱ ይኸው ነው። የተቅማጥን መንስኤ ለሚያጠኑ ሐኪሞች ከየቤቱ ናሙና ትሰበስባለች። ሰፈሩ «ክብርት ወይዘሮ ናሙና» ይላታል።

ክብርትነታቸው «እንዴት ናችሁ? ሆድስ?» ካሉ መመለሻ የለም። በዚሁ በልብስ ሰፊው ወንድሟ ሠርግ ላይ የሙሽሪትን አጎት «በቀን ስንት ጊዜ? ቀጭን ነው ወፍራም?» ብላቸው፣ ሽማግሌው የጎረሱትን መዋጥ አቃታቸው። ሙሽራው ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «የበላሁት ነገር ይሆናል» የሚላትን ደግሞ «እሱ መልስ አይደለም፣ ምግብ ማማት ነው» ትለዋለች።

አንድ ሰሞን የሰፈሩ ሕፃናት በትውከትና በተቅማጥ ተያዙ። በአራት ቀን አሥራ አንድ። የልብስ ሰፊው የሦስት ዓመት ልጅ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስታለቅስ እንባ አልወጣት አለ። አክስቷ አቅፋ፣ የጨውና የስኳር ብጥብጡን ኦአርኤስ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጣች መለሰቻት።

ሰፈሩ መንስኤውን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም፦ ጥግ ላይ ፓፓያ እየቆረጡ የሚሸጡት መበለት ናቸው ተባለ። ሣጥናቸው ተገለበጠ። አንቱታው ቀርቶ «ነገ እዚህ እንዳናይሽ!» ተባሉ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ጮኸ።

እህቱ አልጮኸችም። የበረዶ ሣጥኗን አንግታ ቤት ለቤት ዞረች፤ የታመሙትንም፣ ያልታመሙትንም ጠየቀች፣ ናሙናም ወሰደች።

«እትዬ፣ ደህና ልጅ ምን ያደርግልሻል?» አላት ወንድሟ ተሳቅቆ።

«ደህናው ካልተጠየቀ፣ የታመመው ብቻውን ምን ይነግረኛል?»

አንዳንዱ ሳቀባት፣ አንዳንዱ በር ዘጋባት። በማግሥቱ ተመልሳ አንኳኳች።

የናሙናው ውጤት ከሐኪሞቹ ሲመጣ ሰዉን ሰበሰበችው። ከደህናዎቹ ብዙዎቹ ፓፓያውን በልተዋል፤ ከታመሙት አራቱ ጭራሽ አልቀመሱትም። የታመሙት ሁሉ ግን የሚውሉት አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው፤ እዚያ ከምሳ በፊት ሃያ ልጅ እጁን የሚታጠበው በአንድ ሳፋ ውሃ ነው። ከአሥራ አንዱ በዘጠኙ ናሙና ውስጥ አንድ ዓይነት ቫይረስ ተገኝቷል።

«ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው» አለች። «ለንጽሕና ብለን ባቀረብነው ሳፋ።»

ማቆያው በዚያው ሳምንት ቧንቧ አስገባ። ልብስ ሰፊው መበለቲቱ ቤት ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ።»

«ተነሥ ልጄ፣ እሱን ተወው። ትንሿ ዳነችልህ?»

ድናለች፤ መሮጥም ጀምራለች። ይህንኑ ነገራቸው።

ከዚያ ወጥቶ እህቱ ጋ ሲደርስ፣ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ አገኛት።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ቫይረሱ ያልተገኘባቸውን ሁለቱን ልጆች ምን እንዳገኛቸው አላወቅንም» አለች ጫማዋን እያሰረች። «ደግሜ ልሂድ።»

«ድነዋል እኮ!»

«እነሱ ዳኑ እንጂ መንስኤው መች ሞተ?»

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ሙሉ አብሯት ኖሮ ገና ዛሬ ያያት መሰለው። የበረዶ ሣጥኗን ከአጠገቧ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። የመጀመሪያው በር ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እኛ ነን» አለ ቀድሟት። «ስለ ሆድ ልንጠይቅ ነው።»