በሁለት አውሮፕላን መካከል የተሾሙት ክቡር ሲሜኦና

የቀድሞ ሚኒስትር የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ሌላው አገር ግን ሰፊ ነው፤ ሰው መንገድ አሳብሮ ይሸሻቸዋል። እኛ በቱቫሉ ዋና ደሴት በፉናፉቲ ላይ በስተቀኝ ብንሸሽ ባሕር፣ በስተግራ ብንሸሽም ባሕር ነው።

ክቡር ሲሜኦና ሥልጣን ላይ የቆዩት አንዱ አውሮፕላን ከሄደ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ነው። ቱቫሉ ፓርቲ የላትም፤ ሁለት የምክር ቤት አባላት ካኮረፉ መንግሥት ይወድቃል። የእሳቸውም ሲወድቅ ለሹመቱ ያሰፉት ሸሚዝ ገና ከልብስ ሰፊዋ ቤት አልወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ "በእኔ የሥልጣን ዘመን" ሳይሉ ዓሣ እንኳ አይገዙም።

ባለፈው ዓመት በመንደሩ አዳራሽ የተሰበሰብነው ከጋጣቸው እያመለጡ ስላስቸገሩ አሳማዎች ነበር። ክቡርነታቸው ተነሡ። "ነገሩን ከሥሩ እንየው" ብለው በእንግሊዝ ሥር አንድ አገር ሆነን ከኖርናቸው ከጎረቤቶቻችን ከጊልበርት ደሴቶች ሰዎች ጋር ከተለያየንበት ዘመን ጀመሩ፤ ለውጭ ሰብሳቢዎች በምናደርገው የቴምብር ሽያጭና ለውጭ መርከቦች በምንሰጠው የዓሣ ፈቃድ በኩል አለፉ፤ «.tv» የተባለውን የኢንተርኔት መጠሪያችንን ለውጭ ኩባንያ እንዴት እንዳከራየንም ዘረዘሩ። አሮጊቶቹ ምሰሶ ተደግፈው ማንኮራፋት ያዙ።

"ክቡርነትዎ፣ አሳማውስ?" አለች ጎረቤታቸው ሎሳ።

"እየመጣሁልሽ ነው።"

"ቶሎ ይምጡ እንጂ! እርስዎ ሳይደርሱ ጓሮዬን ጨረሰብኝ እኮ!"

አንድ እሑድ ደግሞ ለታመመች ሴት እንዲጸልዩ ቢጋበዙ፣ የአገሪቱ መጠባበቂያ ገንዘብ እንዴት እንደሚተዳደር ለእግዚአብሔር አስረዱት። ሴትየዋ ድናለች፤ እኛ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደክሞናል።

በቅርቡ ታዲያ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ያለች ልጃቸው "አባዬ፣ ባሕሩ ቤትህ ድረስ እየገባ ነው፣ በቃህ" ብላ ቲኬት ላከችላቸው። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። በመንደሩ አዳራሽ ለመሸኛ አሳማ ታረደ፤ የአበባ ጉንጉን አጠለቁላቸው። የመንደሩ አለቃም "በሉ እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ይናገሩ" አሏቸው።

ተነሡ። "አመሰግናለሁ" ብለው ተቀመጡ።

አሮጊቶቹ እንኳ አላንኮራፉም። ከዚህች ደሴት ስንቱን ሸኝቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ ግን የለም።

ሎሳ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "አንተ ጋዜጠኛ፣ ለወሬ ማን ብሎህ! ተነሥና አንድ ነገር በል እንጂ!"

ተነሣሁ። ምን እንደምል ሳላውቅ አፌ ራሱ ጀመረው። "ከጊልበርቶች ስንለያይ" አልኩ፣ "በድርሻችን የደረሱን ሁለት መርከቦች ነበሩ።"

የደረሰችን መርከብ አንዲት ብቻ መሆኗን በዚህች ደሴት የማያውቅ ሕፃን የለም።

"አንዲት!" ክቡርነታቸው ዘለው ተነሡ፤ ጉንጉኑ ወደቀ። "አንዲት ናት፣ አንተ! ገና እግሬ ሳይወጣ እንዲህ ካበላሻችሁትማ..." ብለው ከሥሩ ጀመሩት።

በማግስቱ አውሮፕላኑ ያለ እሳቸው በረረ። ልጃቸው ለመቆጣት ደውላ ነበር፤ ግን ክቡርነታቸው ቴምብሩ ላይ ደርሰው ስለነበር መሃል መግባት አልቻለችም። ባሕሩም ቤታቸው መግባቱን አልተወም።

ነገ ስለ ውሃ ታንከሩ ስብሰባ አለ። ከዝናቡ ታሪክ እንደሚጀምሩ ከወዲሁ አስጠንቅቀውናል። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ሎሳን ግን ከፊት ቦታ እንድትይዝልኝ ነግሬያታለሁ።