ለሞተው ሰውዬ መንትያ ወንድም የፈጠርኩለት ቀን

ልጆች፣ ዛሬ ሳቁ እስከ መሳለሚያ የተሰማ ጉድ ሠርቻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ቁጭ በሉ።

እንደምታውቁት አብረን ከተመረቅን ወዲህ በሥራ ፍለጋ ጫማዬ አልቋል። ዲፕሎማዬን እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እሱ እንኳ ቦታ አግኝቷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ እኛ ሰፈር፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሸጡ ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ በሩ ያዞሩልናል። ሰፈሩ ሣጥንና ጆንያ ላይ ተደርድሮ ያያል። የጃንሆይ ዜና ሲያልቅ አንድ የፈረንጅ ፕሮግራም ይጀምራል። ማሽን ሰውን እንዴት ጉድ እንደሚያደርገው የሚያሳይ ነው። ብቻውን የሚሄድ መኪና፣ የነገን ወሬ ዛሬ የሚያወራ ቴሌፎን፣ ጌታውን የሚያዝ የብረት አሽከር...

በእንግሊዝኛ!

ማን ይተርጉም? ምሩቋ!

እውነቱን ልንገራችሁ? እነዚህ ፈረንጆች መምህራችን ሰሌዳ ላይ እንደጻፈልን አያወሩም። ይሮጣሉ። ግማሹን ብይዝ ነው።

የቀረውን ከራሴ ሞላሁት።

ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ አፍ አፌን እያየ!

ደሞ በየሳምንቱ ያው ፊት ስለሚመጣ አንድ ረጅም ታሪክ ነው ብዬ ደመደምኩ። ረጅሙን ሰውዬ ጆርጅ አልኩት። ጆርጅ የብረት አሽከር ሠራ፣ አሽከሩ ሚስቱን አስኮበለለበት፣ ጆርጅ ብቻውን ሲቀር ከቴሌፎን ጋር ማውራት ጀመረ... ክረምቱን ሙሉ ሰፋሁት። ሰው እንዴት እንደወደደው! በርበሬ በረንዳ የሚነግዱት እትዬ ብርቄማ መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ ጆርጅዬ ምን ይውጠው ይሆን ይሉኛል።

ሐጂም ይሄን አይተው ነው ከውጭ ዕቃ የሚያዙበትን ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ያሰቡት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እንነጋገራለን አሉኝ። ሥራ! ጠረጴዛ! ታይፕ!

ባለፈው ቅዳሜ ጆርጅ ሞተ። ማሽን በልቶት። እትዬ ብርቄ ነፍስ ይማር ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሐጂ አላህ ይርሐመው አሉ። በሁለት ሃይማኖት የታዘነለት ፈረንጅ!

ዛሬ የመጨረሻው ነው። ተጀመረ።

ጆርጅ ከች አለ።

ጺሙን አሳድጎ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ቁርሱን እየበላ።

እትዬ ብርቄ ዞር ብለው፣ "አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ሞቶ የለም እንዴ?"

መንትያ ወንድሙ ነው አልኳቸው። ዓይኔን ሳላሽ! ለቅሶ ሊደርስ ከሩቅ አገር መጥቶ ነው።

"ለቅሶ መጥቶ ነው እንዲህ የሚገለፍጠው?"

አገራቸው እንደዚህ ነው ልል ስል ሰውዬው ተነስቶ ሚስቱን ይዞ መደነስ ጀመረ። አይ የኔ ነገር!

ይሄኔ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ የቆመ አንድ መነጽራም መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። በትሕትና ነው የገደለኝ። በየሳምንቱ የሚታየው ሌላ ሌላ ታሪክ ነው፣ ተዋናዮቹ ብቻ ናቸው የሚመላለሱት፣ ጆርጅ የሚባል ሰው ጭራሽ የለም አለ።

"እና እኔ ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩት ለማን ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ።

መምህሩን የአስተርጓሚነት ወንበሬ ላይ አስቀመጡት። እኔን ጆንያ ላይ!

እሱ ተረጎመ። የዛሬው ታሪክ የተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ ማሽን ነው። ከተማው በሙሉ ያምነዋል። በመጨረሻ ሲደረስበት ለካ ማሽኑ አላውቅም ማለት አይችልም። ያላወቀውን ከራሱ እየፈጠረ ነበር የሚናገረው።

ሱቁ በሙሉ ወደኔ ዞረ።

"ይቺን ማሽንስ እናውቃታለን" አሉ እትዬ ብርቄ።

ሳቁን አልነግራችሁም። ያልሳቁት ሐጂ ብቻ ናቸው። ይሄ ነው ያመመኝ። ቀስ ብለው፣ "እኔ ሬዲዮ እዘዢልኝ ስልሽ፣ አንቺ መንትያ ወንድሙን ልታስመጪልኝ ነው?" አሉኝ።

ታይፔ ክንፍ አውጥቶ በረረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነጠላውን ተከናንቦ ይወጣ ነበር። እኔ ተነሳሁ። ክረምቱን ሙሉ ማን ተረጎመላችሁ አልኳቸው። መምህሩ እንደሆነ ባትሪ ድንጋዩ ያለቀበት ዛሬ ነው! ጆርጅን ወዳችሁታል፣ አዝናችሁለታል፣ እኔም አላፍርበትም። ደብዳቤ ግን አይሮጥም ሐጂ፤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ያላወቅኩትን አላውቅም እላለሁ።

"እስቲ በይው" አሉ ሐጂ።

"ምኑን?"

"አላውቅም በይ።"

ልጆች፣ ብታምኑም ባታምኑም አልወጣ አለኝ! እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኛ ክፍል አላውቅም ያለ ኩርኩም ነበር የሚቀምሰው። ከየት ልልመደው?

"አላ..." አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"...ውቅም።"

እትዬ ብርቄ እልል አሉ። ሐጂ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "ሰኞ ነይ። መዝገበ ቃላት ይዘሽ" አሉኝ።

እና መዝገበ ቃላት ያላችሁ ነገውኑ አውሱኝ። ስቃችሁም ቢሆን አውሱኝ። ወፍራሙን!

ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ አላውቅም። አያችሁ፣ ለመድኩት!

አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያ መንትያ ወንድም ግን... እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም?